ወንድሜን ልብ ወለድ ውስጥ ከተትኩት፤ ላሳትመው ወይስ ላቃጥለው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዘዞ ነው። ፖስታው ወፍራም ነው። ውስጡ አራት ገጽ ደብዳቤና በኮምፒውተር የተተየቡ ሦስት ምዕራፎች አሉ። ጸሐፊው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፤ ዕድሜው 31። «ታናሹ» ብሎ ፈርሟል። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርበው።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኛ ሦስት ነን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ እህቴና እኔ። አባታችን ሲሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ መተማ ወረደ። ሰሊጥ አረመ፣ አጨደ፣ ጆንያ ተሸከመ። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲመጣ ሁሌ ጫማ ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ ቁጥሩ ግን አንድም ቀን ልክ ሆኖ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ቸቸላ ያለውን የወላጆቻችንን ቤት ሸጠው። ለእናታችን ሕክምና ነው አለኝ። ውክልና ፈርሜለት ነበር። በኋላ ስሰማ ግማሹ ገንዘብ የሄደው እሱ ሰሊጥ ልነግድ ብሎ ለገባበት ዕዳ ነው። እናታችን በኪራይ ቤት አረፈች። እሱ አሁን ገንዳ ውሃ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ለጥምቀት ይመጣል፣ እንስቃለን፣ እንበላለን። ነገሩን አንድ ቀን አንስቼበት አላውቅም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ጻፍኩት። 312 ገጽ ልብ ወለድ ሆነ። እህቴ አንብባ አለቀሰች። ‹ይሄን ካሳተምክ ወንድም የለህም፤ እህትም የለህም› አለችኝ። እኔ ደግሞ የጻፍኩት እውነት ነው። ቤተሰቤን ከዳሁ? በብዕር ስም ባወጣውስ? ስለ ወንድማማች የተጻፉ ልብ ወለዶችም ይጠቁሙኝ። ሌላው ሰው እንዴት እንደተወጣው ልይ።»

ታናሹ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምዕራፎቹን ግን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኳቸው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ቀላሉን ላንሳ።

የብዕር ስሙን ተወው። ጎንደር ውስጥ የብዕር ስም ዕድሜው አንድ ቡና ነው። በአቦል «ማን ይሆን?» ይባላል። በቶና «የእነ እንትና ልጅ አይደለም እንዴ?» ይመጣል። በረካ ሳይደርስ ገንዳ ውሃ ስልክ ይደወላል። መጽሐፉ መግቢያ ላይ «በዚህ ታሪክ ያሉ ሰዎች በሙሉ የፈጠራ ናቸው» ብለህ ብትጽፍም ያው ነው። እንደውም ሰው ያንን ገጽ ሲያይ ነው «ማንን ነው እሱ?» ማለት የሚጀምረው።

እኔ ቀምሼዋለሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንዲት አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩ። መጠጥ ስለሚያበዛ ሰው ነበረች፤ አንድ መጽሔት ላይ ወጣች። ሰውዬው ወንድሜ ነው። ስሙን ቀየርኩ። ሰፈሩን ከአውቶ ፓርኮ አንስቼ ሳሙና በር ወሰድኩት። ቀጭኗን ሚስቱን አወፈርኳት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አረንጓዴ ባርኔጣውን ግን ረሳሁት። ክረምት ከበጋ የማያወልቀው ባርኔጣ ነበረው። የጽዋ ማኅበራችን ሰው በሙሉ በባርኔጣው አወቀው።

ወንድሜ አልተቆጣም። አልሰደበኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ቡና ይጠጣ ነበር፤ መምጣቱን ተወ፣ በቃ። ስድስት ዓመት። ከዚያ የአክስታችን ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ንፍሮውን እየቆረጠመ፣ ዞር ብሎ ሳያየኝ፣ «ባርኔጣዬን እንኳ አልቀየርሽልኝም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በቀጣዩ ቅዳሜ መጣ።

በኋላ ነው የገባኝ። ያስከፋው መጠጡ መጻፉ አይደለም። መጠጡን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። መጽሔቱን ያሳየው የሥራ ባልደረባው ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው መሀል፣ «ይቺ እህትህ አይደለችም?» ብሎ። እኔ ቅዳሜውን አብሬው ቡና ጠጥቼ አልነገርኩትም ነበር። ይሄ ነው ስድስት ዓመት ያስከፈለኝ።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ።

ከቤታችን እንጀምር። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ «ጦቢያ» ብለን ነው የምናውቀው። ደራሲው የዘጌ ልጅ ነው፤ ከጣና ዳር። ታሪኩ ስለ መንትዮች ነው፤ ወንዱ ዋህድ፣ ሴቷ ጦቢያ። አባታቸው በጦርነት ይማረካል። የማያውቁት አንድ ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶ ይደርስላቸዋል። ዋህድ የዚያን ሰው ውለታ ለመመለስ ፍለጋ ይወጣል፤ ባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ጦቢያ ደግሞ እንደ ወንድ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር፣ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ልብ ወለዳችን እንግዲህ ከመነሻው ውለታና የወንድም ፍለጋ ነው። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አልበደለም። ዋህድ ንጹሕ ነው፣ ጦቢያም ንጽሕት ናት። ክፉው ከውጭ ነው የሚመጣው። ያንተ ታሪክ ውስጥ ከውጭ የመጣ ሰው የለም። ስለዚህ «ጦቢያ» ውለታን ታሳይሃለች፤ ቂምን አታሳይህም።

ለቂሙ ስታይንቤክ ዘንድ ሂድ። ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1952 «ኢስት ኦፍ ኤደን» የሚል ወፍራም ልብ ወለድ አሳተመ። «ከኤደን በስተምሥራቅ» እንደማለት ነው፤ ቃየን አቤልን ከገደለ በኋላ የተቀመጠበት አገር። ውስጡ ሁለት ትውልድ ወንድማማቾች አሉ። እኔ ላንተ የምመርጥልህ ሁለተኞቹን ነው፤ መንትዮቹን ካልንና አሮንን። ያደጉት እናታችሁ ሞታለች ተብለው ነው። ካል ግን እውነቱን ይደርስበታል። እናታቸው አልሞተችም፤ ብዙም ሳትርቅ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ታስተዳድራለች። ካል ይሄን ለወንድሙ አይነግረውም። አሮን ልቡ ስስ ነው፤ ይሰበራል ብሎ ያዝንለታል።

ከዚያ አባታቸው በንግድ ይከስራል። ካል ባቄላ ነግዶ 15,000 ዶላር ያገኝና ለአባቱ በስጦታ ያቀርባል። አባትየው አልቀበልም ይላል። በጦርነት ጊዜ ከገበሬ ላይ የተገኘ ትርፍ ነው ብሎ። ካል ይቃጠላል። በዚያው ማታ አሮንን ይዞት እናታቸው ዘንድ ይሄዳል። አሮን ያየውን አይቶ ጦር ሠራዊት ይገባል፤ ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ እዚያው ይሞታል።

ልብ በል። ካል አልዋሸም። እናትየዋ ያሉባት ቦታ ናት። ግን ምስጢሩን ያን ያህል ጊዜ ተሸክሞ ቆይቶ ያወጣው አባቱ የመታው ቀን ነው። አባቱን መልሶ መምታት አቃተው፤ ያጠገቡን ወንድሙን መታ። እውነቱ ድንጋይ ሆኖ አገለገለ።

«የጻፍኩት እውነት ነው» ብለሃል። አምንሃለሁ። የኔ ጥያቄ ማን ላይ ለመወርወር ነው የሚል ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዘፍጥረት 4፥7 ላይ ስላለች አንዲት የዕብራይስጥ ቃል ረጅም ክርክር አለ። እግዚአብሔር ቃየንን ስለ ኃጢአት ሲያነጋግረው «ታሸንፋታለህ» ነው ያለው፣ «አሸንፋት» ነው ወይስ «ማሸነፍ ትችላለህ»? መጽሐፉ ሦስተኛውን ይመርጣል፤ ሰው ምርጫ አለው ለማለት። የኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ንገሥባት» ይላል። ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ነው። ባነበብኩት ቁጥር ፈገግ እላለሁ። እኛ ጋ ምርጫ የሚባል ነገር ከድሮም አይበዛም።

ደግሞ ለእህትህ ንገራት። ስታይንቤክ የእናቱን ቤተሰቦች፣ ሃሚልተኖችን፣ በስማቸው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አስገብቷቸዋል። አያቱ ሳሙኤል ሳይቀሩ አሉበት። ቤተሰብን መጻፍ በራሱ ክህደት ነው የሚለውን አልቀበልም።

ሁለተኛው የዶስቶየቭስኪ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ታትሞ አለቀ። ረጅም ነው፤ አንዳንድ ቦታ ይሰለቻል። ብትዘል አልፈርድብህም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ፤ እዚያ ቤት እናቶቹም ይለያያሉ። ታላቁ ዲሚትሪ ግልፍተኛ ነው። መካከለኛው ኢቫን ምሁር ነው። ታናሹ አልዮሻ ገዳም የገባ የዋህ ነው። ስመርድያኮቭ የሚባል አሽከር ደግሞ አለ፤ እሱም የዚያው አባት ልጅ ነው እየተባለ ይታማል። አባትየው ተገድሎ ሲገኝ የተያዘው ዲሚትሪ ነው። በአባቱ ላይ ሲዝት ያልሰማ የለም። የገደለው ግን አሽከሩ ነው።

አንተን የማስተዋውቅህ ከኢቫን ጋር ነው። ኢቫን እጁን አላነሳም። ግን አባቱን አይወድም፤ ሞቱን በልቡ ተመኝቷል። አሽከሩ ይሄን ከፊቱ አንብቦታል። ከከተማው ወጣ ቢል እንደሚሻል በዘወርዋራ ነገረው። ኢቫን ለምን ብሎ አጥብቆ አልጠየቀም። ሻንጣውን ይዞ ወጣ። በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ጥፋቱ የእኔም ነው ሲል የሚያምነው አጣ፤ ታሞ ስለነበር ለየለት አሉት። ዲሚትሪ ባልሠራው ተፈረደበት። ይሄን ሻንጣውን ይዞ የወጣውን ሰው ያዝልኝ። እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ለኛ ቅርብ ነው፤ «ከቲንግ ፎር ስቶን»። ደራሲው አብርሃም ቨርጌዝ ከሕንዳውያን ወላጆች አዲስ አበባ የተወለደ ሐኪም ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ማሪዮንና ሺቫ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የተወለዱ መንትዮች ናቸው። ሺቫ ማሪዮን ከሚወዳት ልጅ ጋር ይተኛል። ማሪዮን ለዓመታት ይቅር አይለውም። በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ የማሪዮን ጉበት ከጥቅም ውጭ ሲሆን ሺቫ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ጉበቱን ከፍሎ ይሰጠዋል። ማሪዮን ይድናል፤ ሺቫ ይሞታል። ታሪኩን የሚተርክልን ማሪዮን ነው። አስበው፤ የበደለው ወንድሙ ጉበት ሆዱ ውስጥ እየሠራለት ነው የሚጽፈው። ማን በዳይ፣ ማን ባለዕዳ እንደሆነ መለየት ያቅትሃል። የወንድማማች ልብ ወለድ ደህና የሚሆነው ይሄ ሲያቅትህ ይመስለኛል።

በዓሉ ግርማንም ጨምር። «ከአድማስ ባሻገር» 1962 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ አንብበኸው ይሆናል። መልሰህ አንብበውና የአበራ ታላቅ ወንድም ላይ ዓይንህን ጣል። ትዳር ያዝ፣ ሥራህን አክብር ባዩ ሰውዬ። አበራን የሚያምረው ሥዕል ነው። ልጅ ሆኜ ሳነበው ያ ታላቅ ወንድም ያናድደኝ ነበር። አሁን ግማሹ ንግግሩ ልክ ይመስለኛል። እርጅና ነው መሰለኝ።

የምትጽፈው ደግሞ ጎንደር ተቀምጠህ ነው። ፒያሳ በወጣህ ቁጥር ፋሲል ግቢን ታየዋለህ። ያ ግቢ ሙሉ በነበረ ዘመን የነጋሢው ወንድሞችና የሥጋ ዘመዶች ወህኒ አምባ ላይ ተዘግቶባቸው ነበር። ጥፋታቸው የንጉሥ ዘር ሆነው መወለዳቸው ነው። ንጉሥ ሲሞት ከመሀላቸው አንዱ ይወርድና ይነግሣል፤ የቀሩት እዚያው። እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚያ አምባ ስም ተነስተን ነው ይባላል። ወንድምን አምባ ላይ ቆልፎ ከታች በሰላም መኖር እዚህ አገር የተለመደ ነገር ነው። ለጥምቀት እየመጣ አብሮህ የሚስቀውን ሰው አንተም 312 ገጽ ውስጥ ቆልፈኸው ነው የከረምከው።

ምዕራፎችህ ጋ ልምጣ። የላክልኝ አንደኛውን፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን ነው። መጻፍ ትችላለህ። ላስደስትህ ብዬ አይደለም። የመተማው ሙቀት አለ። ሰሊጡ ደርቆ ሳይረግፍ ልንደርስበት ነው ብለው ሰዎቹ በጨረቃ ሲያጭዱ አለ። ወባ የያዘው ልጅ ዳሱ ውስጥ ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ አለ። ሰሊጥ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ችኮላው ይገባዋል።

አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ቆምኩ። ታላቁ የታናሹን ፊርማ አስመስሎ ይፈርማል። ቤቱ ይሸጣል። ታናሹ ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ የግቢያቸው በር ላይ የማያውቀው ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ያገኛል። በእጁ መዝኖ ያየዋል። ከባድ ነው፣ አዲስ ነው፣ ገና ቅባቱ አልለቀቀም። ጣቱ ላይ የቀረውን ቅባት ሱሪው ላይ ይጠርገዋል። ይሄን አንቀጽ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ከዚያ ወደ ደብዳቤህ ተመለስኩ። «ውክልና ፈርሜለት ነበር» ትላለህ። ሦስት ቃል። ከፊቷም ከኋላዋም ምንም የለም።

ልብ ወለድ ነው፤ መፍጠር መብትህ ነው። ቤቱን ከቸቸላ ወደ ማራኪ ብትወስደው አልናገርህም። ይሄን ግን ለምን ፈጠርክ? ወንድምህ ያንተን ፊርማ አላስመሰለም። ውልና ማስረጃ ሄደህ፣ ተራህን ጠብቀህ፣ መታወቂያህን አሳይተህ፣ በራስህ እጅ ፈርመሃል። ሽያጩ ለምን እንደሆነ፣ በስንት እንደሆነ፣ እናትህ የት እንደምትገባ አጥብቀህ የጠየቅክ አይመስለኝም፤ ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ ትጽፍልኝ ነበር። ከዚያ ወደ ግቢህ ተመለስክ። ሻንጣውን ይዞ የወጣውን ኢቫንን አስታወስከው?

አልወቅስህም። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርክ። ያስተማረህ ሰው «ፈርም» ሲልህ ምን ልትል ነው? እኛ ጋ ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ ውክልና አይነበብም፤ ይፈረማል። ግን ልብ ወለድህ ያለው እዚያ ወረፋ ላይ ነው። ፊርማ የሚያስመስለው ታላቅ ቀላል ሰው ነው። ሌባ ነው፣ አለቀ፣ ገጹን ገልብጠህ ታልፈዋለህ። ያስፈረመው ታላቅና ሳይጠይቅ የፈረመው ታናሽ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፉም። እኔ አንባቢዋ ማታ አስባቸዋለሁ።

ሌላው ጫማው ነው። ደብዳቤህ ላይ አንድ መስመር አለች፤ ሲመጣ ጫማ ይዞልኝ ይመጣ ነበር፣ ቁጥሩ ግን ልክ ሆኖ አያውቅም የምትለዋ። በሦስቱ ምዕራፎች ጫማ የሚባል ነገር የለም። በአንደኛው ምዕራፍ ታላቁ ከመተማ ሲመለስ የሚያመጣው አቧራና ንዴት ብቻ ነው። ጫማውን የተውከው ረስተህ አይመስለኝም። ሌባው ሰውዬ ጫማ ይዞ ሲገባ ትዕይንቱ አልሄድ ይልሃል። እስቲ አስበው። ስንት ወር ቆላ ከርሟል። ታናሽ ወንድሙን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ወራት አልፈውታል። ጫማ ሻጩ ፊት ቆሞ እግርህ ምን ያህል እንዳደገ ይገምታል። ይሳሳታል። በዓመቱም ይሳሳታል። ይተልቅህ ነበር ወይስ ይጠብህ? አልጻፍክልኝም። ቢተልቅ ጫፉ ላይ ምን ትወትፍበት ነበር? ቢጠብህስ ትነግረው ነበር ወይስ እያነከስክ ትሄድ ነበር? ይሄን ጻፍልኝ። ቤቱን የሸጠውም ጫማውን የገዛውም አንድ ሰው ነው፤ አንዱን ብቻ ይዘህ ሌላውን አትጣለው።

ስለ እህትህ አጭር ነገር አለኝ። ያለቀሰችው ለወንድምህ ብላ ብቻ አይመስለኝም። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ እህትየዋ ከማግባቷ በፊት የደረሰባት ነገር አለ። እዚህ አልደግመውም። ያ ነገር የአንተም የወንድምህም አይደለም፤ የእሷ ነው። አውጣው። እዚህ ላይ አልከራከርህም። ዘልዬውም አንብቤዋለሁ፤ ታሪኩ ምንም አልጎደለበትም።

እና ከዳህ ወይ? በመጻፍህ አልከዳህም። የሚከብደኝ ሌላ ነው። ፊት ለፊት አንድ ቀን ያልጠየቅከውን ሰው መጽሐፍ አዟሪ በየካፌው እየዞረ እንዲጠይቅልህ ልታደርግ ነው። እሱ መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውም። አንተ 312 ገጽ አለህ፤ እሱ አንድ ሱቅ አለው።

ስለዚህ ከማሳተምህ በፊት አንድ ምዕራፍ ትጨምራለህ። ቤቱ የተሸጠበትን ቀን ከታላቁ ወገን ሆነህ ጻፈው። ባለ ዕዳው ደጅ ሲመጣ ማን ከፈተለት? ሰሊጡ ስንት ሲሉት ገዝቶ ስንት ሲሉት ሸጠው? ገንዘቡን ለሁለት ሲከፍል የእናቱን ድርሻ አስቀድሞ አወጣ ወይስ የዕዳውን? እነዚህን መፍጠር አትችልም። ሞክረህ ይሆናል፤ ለዚህ ነው አስመሳይ ፊርማ ላይ የወደቅከው። የሚያውቀው እሱ ነው።

እንግዲህ ሂድና ጠይቀው። ጥምቀትን አትጠብቅ። ጥር 11 ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ የቤት ሽያጭ አይነሳም፤ የልጆቹን በዓል ታበላሽባቸዋለህ። ጃንተከል ቀጥረህም አትጥራው፤ ያ ቦታ ላይ አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲል ዓረፍተ ነገር አያስጨርስም። የመተማ መንገድ የሚገነጠለው ከአንተው ከአዘዞ ነው። መንገዱ ደህና ሲሆን ጠዋት ተነስተህ በአይከል በኩል ውረድ። ሱቁ ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀመጥ። ደንበኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። እጁ ሥራ ላይ ያለ ሰው መናገር ይቀልለዋል።

መጀመሪያ ስለ ጫማው አውራው። ከዚያ የፈረምክበትን ቀን አንሳ። «ለምን ሸጥከው» ብለህ አትጀምር። «እኔ ለምን አልጠየቅኩህም?» ብለህ ጀምር። ይሄ ዘዴ አይደለም፤ እውነተኛው ጥያቄህ እሱ ነው ብዬ ነው።

ጽሑፉን ስጠውና ይዞት ይደር። ፈቃድ ግን አትጠይቀው። ፈቃድ ከጠየቅከው እምቢ ይልሃል፤ ወይ ደግሞ ይባስ ብሎ ልብህ እንዳይከፋ እሺ ይልሃል። እንደዚያ ዓይነት እሺ ይዘህ ማተሚያ ቤት ስትገባ እግርህ ይከብዳል። እኔ የምልህ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ካንተ ይስማ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው መሀል አይሁን።

«አቃጥለው» ካለህስ? አትከራከር። ራቱን ብላ፣ እደር፣ ጠዋት ተመለስ። አንድ ክረምት አቆየው። ከዚያ ውሳኔው ያንተ ነው፤ እኔ ብሆን አሳትመዋለሁ። እህትህ ይሄን ስታነብ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። የእሷ ገጾች ከወጡ ግን ቅያሜዋን እችለዋለሁ።

የኅትመቱን ገንዘብ ከየት እንደምታመጣ አልነገርከኝም። አብዛኛው ደራሲ ከኪሱ ነው የሚያሳትመው፤ የአስተማሪ ኪስ ደግሞ ይታወቃል። ከወንድምህ ልትበደር እንዳታስብ ብቻ።

ሦስቱን ምዕራፎች በፖስታ መልሼልሃለሁ። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ጽፌባቸዋለሁ። አምስተኛው ላይ በዝቷል፤ አትደንግጥ። የጓጉንቸሩን አንቀጽ እንዳትነካው።